ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ የማልሠራው ሥራ

ስለ ቀን ፕሮግራም የሚያወሩ ቪዲዮዎች ሁሉ የሚጀምሩት ከጠዋት ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሱ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ተለቃለቁ፣ ስፖርት ሥሩ፣ መጽሐፍ አንብቡ፣ የቀኑን ዕቅድ ጻፉ። ይሄ ሁሉ ተደርጎ ገና 1 ሰዓት አልሞላም። ብዙ አይቻለሁ፤ ስለ 8 ሰዓት የሚያወራ ግን አላጋጠመኝም። ምሳ በልተን ወደ ወንበራችን የተመለስንበት፣ ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር እየታየ የማይነበብበት፣ "ለሁለት ደቂቃ" ብለን ያነሳነው ስልክ ግማሽ ሰዓት የሚበላበት ያ ሰዓት፣ ለእነሱ ጭራሽ የሌለ ነው የሚመስለው።

እኔ ደግሞ ተቃራኒውን ነው የምለው። ፕሮግራም የሚያወጣ ሰው ከ8 ሰዓት ይጀምር። መጀመሪያ ለደካማው ሰዓት የሚመጥነውን ሥራ ይፈልግለት። ያንን ካደረገ ጠዋቱ በራሱ ይለቀቃል።

ለምን እንዲህ እንደምል ለማስረዳት ስለ ሥራዬ ትንሽ ልበል። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሥራችን ከውጭ ለሚያየው አንድ ዓይነት ነው የሚመስለው፤ ቁጥር፣ ቁጥር፣ አሁንም ቁጥር። ውስጡ ላለ ሰው ግን ቢያንስ ሁለት ሥራ ነው። አንደኛው እጅ የሚሠራው ነው፦ ደረሰኝ በቀን በቀኑ መደርደር፣ ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ላይ ማስገባት፣ ኮፒ ማድረግ፣ ማኅተም ማስመታት፣ "ያ ክፍያ ደረሳችሁ ወይ?" ብሎ መደወል። ሌላው ጭንቅላት የሚሠራው ነው፦ ባንክ ማስታረቅ (የባንኩን ስቴትመንት ከእኛ መዝገብ ጋር ማገናዘብ)፣ ወር መዝጋት፣ ለሥራ አስኪያጁ ማብራሪያ መጻፍ፣ ያልገጠመ ቁጥር መፈለግ።

ያልገጠመ ቁጥር ምን እንደሚያደርግ ላሳያችሁ። አንድ ወር ላይ የባንኩ ስቴትመንትና የእኛ መዝገብ በ270 ብር ተለያዩ። 270 ብር ዛሬ ምን ያደርጋል? ምንም። ግን ሒሳብ ላይ "ትንሽ ልዩነት" የሚባል ነገር የለም፤ ካልገጠመ አልገጠመም። ከምሳ በኋላ ተቀምጬ በእስክሪብቶ ምልክት እያደረግኩ ከላይ እስከ ታች ወረድኩ። የለም። ከታች ወደ ላይ ወጣሁ። አሁንም የለም። የመውጫ ሰዓት ደረሰና ዘግቼ ሄድኩ። በማግስቱ ጠዋት ኮምፒውተሩ ተነስቶ ሳይጨርስ 270 ለ9 እንደሚካፈል ታየኝ። የሒሳብ ሰው ይህችን ዘዴ ያውቃታል፤ ልዩነቱ ለ9 ያለ ቀሪ ከተካፈለ ምናልባት ሁለት አኃዞች ቦታ ተቀያይረዋል። ስለዚህ መስመሩን ሁሉ መልቀም ቀርቶ እንዲህ ሊቀያየሩ የሚችሉትን ብቻ ማየት ነው። አገኘሁት። የ4,850 ብር ቼክ 4,580 ተብሎ ገብቷል። የ9 ዘዴን ለዓመታት አውቃታለሁ፤ ትናንት ከሰዓትም አውቃት ነበር። ግን 8 ሰዓት ላይ ብትጠራትም አትመጣም።

ይህን የስንፍና ጉዳይ አድርጎ የሚያየው ብዙ ነው። አይደለም። የዙሪኩ የእንቅልፍ ተመራማሪ አሌክሳንደር ቦርቤሊ እ.ኤ.አ. በ1982 ያቀረበው ማብራሪያ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። እንደ እሱ አባባል ሰውነታችን ውስጥ ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ይሄዳሉ። አንዱ የእንቅልፍ ጫና ነው። ከነቃንበት ደቂቃ ጀምሮ እየተጠራቀመ ይሄዳል፤ ከሚጠራቀሙት ነገሮች አንዱ አንጎል ሲሠራ የሚያመነጨው አዴኖሲን ነው፣ እሱ በበዛ ቁጥር ዓይናችን ይከብዳል። ሌላው የሰውነት ሰዓት ነው። አንጎል ውስጥ፣ የዓይን ነርቮች ከሚተላለፉበት ቦታ ከፍ ብሎ፣ ወደ 20,000 የሚጠጉ ሴሎች ያሉበት ትንሽዬ ቦታ አለ፤ ከዓይን የሚመጣውን ብርሃን እየተቀበለ ቀኑን ሙሉ አሁን ንቃ፣ አሁን ተኛ ይላል። ጠዋት ጫናው ገና ስላልተጠራቀመ ነገሩ ይቀላል። ወደ ማታ ጫናው ቢከብድም የሰውነት ሰዓቱ የማንቂያውን ድምፅ ከፍ ስለሚያደርገው እንቋቋመዋለን። መሃል ላይ፣ ከ7 እስከ 10 ሰዓት ባለው ውስጥ፣ ጫናው ተጠራቅሟል፣ ማንቂያው ግን ገና በደንብ አልተነሳም። የምንወርደው እዚያ ጋ ነው።

ጥፋቱን ምሳ ላይ የሚጥል አለ። ምሳ ንጹህ ነው አልልም፤ ሆድ እስኪሞላ በልቶ የሚመጣ ሰው ድካሙ እንደሚብስበት ማንም ያውቀዋል። ግን ጥፋቱ ሁሉ የምሳ ቢሆን ኖሮ ሁዳዴን እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው 8 ሰዓት ላይ ንቁ በሆነ ነበር። ጠይቁት። ቁርስም ምሳም ሳይኖር ያቺው ድካም ሰዓቷን ጠብቃ ትመጣለች። ረሃብ ነው ትሉኝ ይሆናል፤ ረሃብም አለበት። ሆኖም ሰዓት በማይታይበት ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ቀኑን ሙሉ በትንሽ በትንሹ እኩል ምግብ በተሰጣቸው ሰዎች ላይም ከቀትር በኋላ ያለው መውረድ ታይቷል።

ይህን ከማንም ቀድማ የገባት ከተማ ብትኖር ድሬዳዋ ናት። ቀትር ሲያልፍ ሱቆች ይዘጋሉ፣ ሰው ቤቱ ገብቶ ጋደም ይላል፣ ፀሐይ በረድ ሲል ከተማው እንደገና ይከፈታል፤ እስከ ማታም ደምቆ ይቆያል። ምክንያቱ ሙቀቱ እንደሆነ ግልጽ ነው። ግን ውጤቱን ተመልከቱ፤ ድሬዳዋ ቀኗን የምታወጣው ከደካማው ሰዓት ተነስታ ነው። መጀመሪያ የማይሠራበትን ሰዓት ቆርጣ አስቀምጣ፣ ሌላውን በዚያ ዙሪያ ደለደለች። ገበሬውም እንዲሁ ነው። ጎሕ ሲቀድ ይጠምዳል፣ ፀሐይ ስትከር በሬውን ይፈታል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት አጥር መጠገኛ፣ ከብት ማየት፣ ጎረቤት መጠየቂያ ነው። በሬው ሲደክም ይታያልና ማንም አይከራከርም። የቢሮ ሰው ሲደክም ግን አይታይም፤ ወንበሩ ላይ አለ፣ ስክሪኑ በርቷል፣ እጁ ማውዙ ላይ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ከ7:30 እስከ 11:30 ያለውን ከሰዓት በኋላ አንድ ወጥ አድርገን ነው የምንቆጥረው። 8 ሰዓትም 11 ሰዓትም እኩል ደመወዝ ይከፈልባቸዋል። ይህን መቀየር ለአብዛኛው ሰው አይቻልም፤ አለቃን "ልተኛ" ማለት አያዋጣም። የሚቻለው በዚያ ሰዓት ውስጥ የሚገባውን ሥራ መምረጥ ነው።

እንግዲህ ዋናው ነገሬ እዚህ ጋ ነው። ጠዋታችንን የሚበላው ትልቅ ነገር አይደለም፤ ትናንሾቹ ሥራዎች ናቸው። ትናንሾቹ ሥራዎች የራሳቸው ሰዓት ስለሌላቸው ባዶ ያገኙት ቦታ ይገባሉ። ከጠዋቱ 2:30 ቢሮ ደርሰህ መጀመሪያ የምትከፍተው ኢሜይል ነው። ቀጥሎ የቴሌግራም ግሩፑ አለ፣ ትናንት ማታ ማን ምን እንዳለ መታየት አለበት። ቀጥሎ "ይችን ብቻ ልጨርስ" የምትባል ደብዳቤ ትመጣለች። ቀጥሎ ሻይ። ወደ 4:30 ገደማ ከባዱን ሥራ ስትከፍተው አንድ ሰው በሩን አንኳኩቶ "ለደቂቃ ብቻ" ይላል። ከባዱ ሥራ ከሰዓት ይሻገራል። ከሰዓት ደግሞ 8 ሰዓት አለ።

በዚህ ላይ ትንንሾቹን መጨረስ ያስደስታል። አምስት ኢሜይል መልሰህ ስትነሳ የሠራህ ይመስልሃል። ሠርተሃልም። ግን ያንን ሥራ 8 ሰዓት ላይ እያዛጋህም ትሠራው ነበር፤ ደረሰኝ ለመደርደር የተሳለ ጭንቅላት አያስፈልግም። "ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ" ብሎ ለመጻፍም እንዲሁ።

ስለዚህ "ጠዋት ትኩረት አድርጌ እሠራለሁ" ብሎ መማል ብዙ አያስኬድም። ትናንሾቹ ሥራዎች መሄጃ እስከሌላቸው ድረስ ይመለሳሉ። ወረቀት ወስጄ መጀመሪያ የጻፍኩት ከ8 እስከ 10 ሰዓት ያለውን ነው፦ መደወል፣ መደርደር፣ ማስገባት፣ ፋይል ማድረግ፣ ባንክ መሄድ ካለ መሄድ። ባንክ መሄድ እንዲያውም ለዚያ ሰዓት ምርጥ ነው፤ በእግር ነው፣ ፀሐይ አለ፣ ወረፋ ላይ መቆም አእምሮ አይፈልግም። ከዚያ በኋላ ጠዋት አንድ ነገር ሊገባ ሲል "አንተ የ8 ሰዓት ነህ" እለዋለሁ። ቦታ ያለውን ሥራ ማሳደር ይቀላል፤ የሚረሳ ስለማይመስል ጭንቅላትን አይነዘንዝም።

ስብሰባ ለብቻው ወሬ ይፈልጋል። የሳምንቱ ስብሰባችን ሰኞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ነበር። ከሳምንቱ ሁሉ ጭንቅላት የሚሠራበት ሰዓት ላይ አሥር ሰው ተቀምጦ አንዱ የሠራውን ለዘጠኙ ይነግራል። አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁን ጠየቅኳቸው።

"ጋሼ፣ ስብሰባውን ወደ ከሰዓት ብናደርገው ምን ይመስልዎታል?"

"ከሰዓትማ ሰው ያንቀላፋል።"

"እሱን ብዬ ነው። የሚያንቀላፋበትን ሰዓት ለስብሰባ ሰጥተን የማያንቀላፋበትን ለሥራ ብናስቀረውስ?"

ሳቁ። "አንተ ስብሰባዬን እንቅልፍ ነው እያልከኝ ነው" አሉ። ግን ሞከሩት፣ 8:30 ላይ ሆነ። ያልጠበቅነው ነገር ስብሰባው ማጠሩ ነው። 8:30 ላይ ንግግር ማስረዘም የሚፈልግ ሰው የለም። እርግጥ ውሳኔ የሚፈልግ ነገር ሲኖር፣ በጀት ወይም ቅጥር፣ አሁንም ጠዋት ነው የምንቀመጠው፤ የደከመው ሰው ለመጨረስ ብሎ "ይሁን" ይላልና።

ወደ ቡና ልምጣ፣ ያለ ቡና ይሄ ወሬ አይሞላም። ብዙዎቻችን 8 ሰዓትን የምንዋጋው በቡና ነው። እኛ ቢሮ ቡናውን የሚያፈሉት እትዬ 9 ሰዓት ላይ ጭሱን ያስነሳሉ፤ ሽታው ኮሪደሩን ሲሞላው ሰው ሳይጠራ ይወጣል። አልቃወምም፤ መጀመሪያ የምወጣው እኔ ነኝ። ግን ቡና ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ጥሩ ነው። ካፌይን አዲስ ጉልበት አያመጣም። አዴኖሲን አንጎል ላይ የሚቀመጥበትን ቦታ ቀድሞ ይይዝበታል፤ ድካሙ አለ፣ ወሬው ብቻ አይደርሰንም። ሲወጣ ደግሞ የተጠራቀመው አንድ ላይ ይደርሳል። ከሰውነታችንም ቶሎ አይወጣም። እንደ ሰው ቢለያይም ግማሹ ለመውጣት ወደ 5 ሰዓት ይፈጃል። 11 ሰዓት ላይ አቦሉን ጠጥተህ ቶናውን ደግመህ በረካውን "እንዳይቀርብህ" ተብለህ የተነሳህ እንደሆነ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና ውስጥህ አለ። "እኔ ጠጥቼም እተኛለሁ" የሚል ይኖራል። ይተኛል። እንቅልፉ ግን ይሳሳል፣ በማግስቱ ጠዋት ደግሞ "ሳልጠጣ ራሴን ያመኛል" ብሎ ይነሳል። ስለዚህ ቡናዬን እስከ 9:30 ባለው እጨርሳለሁ። እሑድ ዘመድ ቤት ሄጄ ሦስተኛውን እምቢ ማለት ግን አልችልም፤ እሱን ለሰኞ ጠዋት ሒሳብ አስይዤዋለሁ።

እስካሁን የጻፍኩት ጠዋት ለሚቀናው ሰው ነው። ለሁሉም አይሆንም። ከፊት ለፊቴ የሚቀመጠው ልጅ ከ4 ሰዓት በፊት ሰላምታ ስትሰጠው እንኳ የሚመልስልህ በጭንቅላቱ ነው። 11 ሰዓት ሲሆን፣ እኛ ቦርሳ ስንይዝ፣ እሱ ነፍስ ይዘራል። ማታ ከቤት የሚልካቸው ሥራዎች ናቸው ምርጦቹ። ቀድሞ ብተኛ ይሻለኛል እያለ ስንት ጊዜ ሞክሯል መሰላችሁ፤ አልጋ ላይ ጣሪያ ሲያይ ያመሻል። ይህ ልማድ ብቻ አይደለም፤ በዘርም ይመጣል፣ በዕድሜም ይቀያየራል። ልጆች ማልደው ይነሳሉ፣ ጉርምስና ሲመጣ ሰዓታቸው ወደ ማታ ይገፋል፣ 20 ዓመት አካባቢ ጫፍ ይደርሳል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይመለሳል። ለዚህ ነው አያቶቻችን ዶሮ ሳይጮህ ነቅተው የልጅ ልጃቸውን "ምን ዓይነት እንቅልፍ ነው!" የሚሉት። ሁለቱም ወደው አይደለም። ፈተና የደረሰበት ተማሪ ሌሊት ሲያጠና የምናየውም ሁልጊዜ ቀን ስላባከነ አይደለም፤ ለብዙዎቹ ጭንቅላታቸው የሚከፈተው ያኔ ነው። ችግሩ ፈተናው 2:30 ላይ መሆኑ ነው።

ሰው ከሰው እንደሚለይ የሚያሳይ አንድ የምወደው ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1938 ናትናኤል ክላይትማን የሚባል የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የእንቅልፍ ተመራማሪ ከተማሪው ከብሩስ ሪቻርድሰን ጋር ኬንታኪ ውስጥ ማሞዝ የሚባል ዋሻ ገብቶ 32 ቀን ተቀመጠ። ፀሐይ የለም፣ ቀንና ሌሊት የለም። የቀኑን ርዝመት 28 ሰዓት አድርገው ሊኖሩ ነበር የገቡት። በሃያዎቹ ዕድሜ የነበረው ሪቻርድሰን ሰውነቱ ተስማማው። ከ40 ያለፈው ክላይትማን ግን አልቻለም፤ ምንም ፀሐይ ባያይ ሰውነቱ የ24 ሰዓቱን ዑደት አልለቅም አለ። እንግዲህ አስቡት፣ ሰውየው የሙያው ባለቤት ነው፣ ፈቃደኛ ነው፣ ከመሬት በታች ነው፣ የሚረብሸው የለም። የእሱን ሰዓት ዋሻ ካልቀየረው የኔን አንድ የማበረታቻ ቪዲዮ ይቀይረዋል ብዬ አልጠብቅም።

ስለዚህ ማታ የሚቀናህ ከሆንክ ያልኩትን ሁሉ ገልብጠው። ደካማው ሰዓትህ ጠዋት ነው፤ ደረሰኙን ያኔ ደርድር፣ ከባዱን ለ10 ሰዓት አስቀምጥ። መነሻው ያው ነው።

ሰዓቱን መምረጥ የማይችል ሰው እንዳለም አውቃለሁ። ሌሊት የሚጠብቅ ዘበኛ፣ ተረኛ ነርስ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ዳቦ የሚጋግር ሰው፣ ልጆቿን አብልታ አልብሳ ሰርቪስ ላይ አሳፍራ 2:30 ላይ ቢሮ የምትገባ እናት። እሷን "ምርጥ ሰዓትሽን ለራስሽ አድርጊ" ማለት ቀልድ ነው፤ ምርጥ ሰዓቷን ቤቷ ወስዶታል። ግን ለእነሱም ቢሆን ከደካማው መጀመር ከጠንካራው ከመጀመር ይቀላል ብዬ አስባለሁ። ጠንካራ ሰዓት ለማግኘት ሌላ ሰው ማስፈቀድ ያስፈልጋል። በደካማ ሰዓት ከባድ ሥራ አለመሥራት ግን ብዙ ጊዜ በእጃችን ነው። ሌሊት ያደረች ነርስ ጠዋት ቤት ስትገባ የቤት ኪራይ ውል አትፈራረም። ልጅ ያስተኛች እናት ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ከባሏ ጋር የገንዘብ ወሬ አታንሳ፤ ጠብ ነው የሚሆነው።

ሌላ በነፃ ያለን ነገር አለ፣ ጠዋት የሚወጣው ፀሐይ። እኛ ከምድር ወገብ ብዙ ስለማንርቅ አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ውስጥ ትወጣለች። ሰዓት የምንቆጥረውም ከእሷ ነው፤ 1 ሰዓት ስንል ቀኑ አንድ ሰዓት ገባ ማለታችን ነው። የሰውነት ሰዓት ደግሞ በየቀኑ የሚስተካከለው በጠዋት ብርሃን ነው፤ ሳይስተካከል ቢተው በአብዛኛው ሰው ላይ ከ24 ሰዓት ትንሽ ያልፋልና ወደ ማታ ይንሸራተታል። ስቶክሆልም የሚኖረው የአጎቴ ልጅ ታኅሣሥ ላይ ሲደውል ድምፁ ሁሌ ከእንቅልፍ የተነሳ ይመስላል፤ በዚያ ወቅት ቀኑ 6 ሰዓት ያህል ብቻ ነው፣ ወደ ሥራ ሲሄድ ጨለማ፣ ሲመለስ ጨለማ። ለብርሃን ሲል ልዩ መብራት ገዝቶ ቁርሱን ከፊቱ አስቀምጦ ይበላል። እኛ እሱ የሚገዛውን ደጃችን ላይ አግኝተን መጋረጃ ዘግተን ስልክ እናያለን። የቢሮ መብራት በአብዛኛው በብርሃን መለኪያው በሉክስ ከ300 እስከ 500 ቢሆን ነው፤ ደጅ ደመና በሆነ ቀን እንኳ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሞ ወርዶ በእግር መሄድ ለዚህ በቂ ነው። ክረምት ላይ ጃንጥላ ይዛችሁ፣ ጭቃውን ታግሳችሁ።

መብራት ሲጠፋስ? እሱ ፕሮግራም አያውቅም። ጠዋት ከጠፋ ጀነሬተር እስኪነሳ በወረቀት የሚሠራ ከባድ ሥራ አስቀምጣለሁ፤ የታተመ ስቴትመንት ሁሌ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ከሰዓት ከጠፋ ደስ ይለኛል።

የራሳችሁን ሰዓት ለማወቅ መተግበሪያ አትግዙ። ከሥራ ቀን ይልቅ የእረፍት ቀን ይናገራል፤ ማንቂያ ሳትሞሉ፣ ድግስ ሳይኖር፣ መቼ ትተኛላችሁ መቼ ትነቃላችሁ? የሁለቱ መሃል ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ከዋለ የጠዋት ሰው ናችሁ ማለት ይቻላል፤ ሊነጋ ሲል ከዋለ የማታ። ከዚያ የሥራ ቀን ላይ አንድ ብጫቂ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ። የሠራችሁትን አትጻፉ፤ አንድ መስመር ሁለት ጊዜ ያነበባችሁበትን ሰዓት ጻፉ። ያዛጋችሁበትን። ሳታስቡት ስልክ ያነሳችሁበትን። ለእኔ ከማዛጋት ይልቅ ምልክቱ ስልኩ ነበር፤ እጄ ሳላዘው ይሄዳል። ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ሰዓቶቹ አንድ ቦታ ላይ መከማቸት ይጀምራሉ። ጥርጣሬያችሁ ልክ ካልሆነም ወረቀቱ ይነግራችኋል፤ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ደካማው ሰዓቷ 8 ሰዓት መስሏት 5 ሰዓት ሆኖ ተገኘ፣ ቁርስ ሳትበላ ስለምትወጣ። ሰዓቷን ሳይሆን ቁርሷን ነው የቀየረችው።

ሰኔ ላይ ይሄ ሁሉ ይፈርሳል። ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ይዘጋል፤ ቆጠራ አለ፣ ያልተወራረደ ሒሳብ አለ፣ ዓመቱን ሙሉ ደረሰኝ ሲለመን የከረመ ሰው በካርቶን ሞልቶ ይመጣል። ያኔ ጠዋትም ማታም ሥራ ነው፣ ድካሙም ቀኑን ሙሉ ነው። እንደዚያም ሆኖ 8 ሰዓት ላይ ቁጥር አላጸድቅም። አስገባለሁ፣ እደረድራለሁ፣ እደውላለሁ፤ የመጨረሻውን ፊርማ ለጠዋት አሳድረዋለሁ። ያስቸገሩኝ ኦዲተሮቹ ብቻ ናቸው። ጥያቄያቸውን ይዘው የሚመጡት ሁልጊዜ ከምሳ በኋላ ነው፤ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ምናልባት የእነሱም ደካማ ሰዓት ሆኖ ሰው ማናገር ይቀላቸው ይሆናል። "በጽሑፍ ተዉልኝ፣ ነገ 3 ሰዓት ላይ ታገኙታላችሁ" እላለሁ። እስካሁን የተቆጣኝ የለም።